ፋየርዎሉ ከታለፈ በኋላስ? አንድ ኮምፒውተር ሲያዝ ሌሎቹን ስለማትረፍ

ኬላ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት።

የምሠራው 150 ገደማ ኮምፒውተሮች ባሉት ድርጅት ውስጥ ነው። ሰሞኑን አመራሩ ለኔትወርክ ደኅንነት በጀት ፈቅዷል፤ ገንዘቡ ግን በሙሉ አዲስ ፋየርዎል (በኔትወርኩ በር ላይ ቆሞ ገቢና ወጪውን የሚያጣራ መሣሪያ) እንዲገዛበት ነው የታሰበው። ግዥው ከመጀመሩ በፊት የተለየ ሐሳብ በጽሑፍ ላቀርብ ስለሆነ፣ በሙያው የቆያችሁ ሰዎች ሐሳቤን ሳትራሩ እንድትመረምሩልኝ እለምናለሁ።

ፋየርዎል አያስፈልግም አልልም። አሁን ያለን በአግባቡ ከተዋቀረና አፕዴቱን ከተከታተልን ለጊዜው ይበቃናል ነው የምለው። እንቅልፍ የሚነሳኝ ከእርሱ በስተጀርባ ያለው ነገር ነው። የሠራተኛው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ፕሪንተሩ፣ የጥበቃ ካሜራው፣ የጣት አሻራ መመዝገቢያውና የእንግዶች ዋይፋይ ሁሉም በአንድ ኔትወርክ ላይ ተቀምጠዋል። የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር የሒሳብ ክፍሉን የፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር) ፎልደር እንዳይከፍት የሚያግደው ነገር የለም፤ ፎልደሩ ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ ተሰጥቶት ሼር ተደርጓል። ግቢው ረጅም አጥር አለው፤ ውስጥ ካሉት ክፍሎች ግን አንዱም በር የለውም።

ለአመራሩ በማስረጃነት ላቀርብ ያሰብሁት በማርስክ የመርከብ ኩባንያ ላይ የደረሰውን ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት የተነሳው ከዩክሬን ነበር። በዚያ አገር ያሉ ድርጅቶች ለሒሳብና ለግብር ሥራ የሚጠቀሙበት ኤም.ኢ.ዶክ የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ አጥቂዎቹ የሶፍትዌሩን የአፕዴት ሰርቨር አስቀድመው ይዘው ስለነበር፣ አጥፊው ፕሮግራም ትክክለኛ አፕዴት መስሎ ገባ። ግንኙነቱ ድርጅቱ ራሱ የፈቀደው፣ ከታወቀ አምራች የመጣ ነውና በበሩ ላይ የቆመ ፋየርዎል የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረውም። ማርስክ ከዚያ በኋላ በ10 ቀናት ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደ አዲስ ለመጫን መገደዱን የቦርዱ ሰብሳቢ ጂም ሃገማን ስናቤ በቀጣዩ ጃንዋሪ ዳቮስ ላይ ተናግረዋል። ኪሳራው እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አጥቂው አንድ ኮምፒውተር ይዟል ብለን ብንነሳ፣ በአነስተኛ ገንዘብ ቀሪዎቹን ለማዳን ከየት ልጀምር?

---

ሐዋሳ አይቲ

ወንድም ኬላ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ኔትወርኩን በተለያዩ ክልሎች ከመከፋፈል በፊት አፕዴት መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ከዚያው ዓመት ላምጣ።

ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ የተነሳው እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ነው። የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ኤምኤስ17-010 የተባለው አፕዴት ግን ማርች 14 ቀን ወጥቶ ነበር። ሁለት ወር ገደማ ጊዜ ነበረ ማለት ነው። በእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ውስጥ ካሉት 236 የሆስፒታልና የጤና ተቋማት ቢያንስ 80ዎቹ ተነክተዋል፤ የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ሲመረምረው በቫይረሱ የተያዙት ሁሉ አፕዴቱን ያልጫኑ ወይም ድጋፉ ያበቃ ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ሆነው ተገኙ። የተሰረዙት የሕክምና ቀጠሮዎች ብዛት 19,000 ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል።

ወደ እኛ ስንመጣ ችግሩ ይብሳል። ላይሰንስ የሌለው ዊንዶውስ በክራክ ይከፈታል፤ ክራኩን የሚጭነው ልጅ በመጀመሪያ አንቲቫይረሱን ያጠፋል፤ ቀጥሎም «ኢንተርኔት ይበላል» ተብሎ አፕዴቱ ይዘጋል። እንዲህ ሆኖ ለዓመታት የሚሠራ ኮምፒውተር በየመሥሪያ ቤቱ አለ። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 አብቅቷል፤ የዊንዶውስ 10ም በኦክቶበር 2025። እነዚህን ትተን ስለ ክፍፍል ብንነጋገር መሠረቱ ሳይያዝ ጣሪያውን ማንሳት ይሆንብናል።

---

መዝገብ

ሐዋሳ አይቲ የጻፉት እውነት ነው፤ አፕዴትን ቀዳሚ ማድረጋቸውንም አልቃወምም። አንድ ነገር ግን ሳይነገር እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ፤ ኖትፔትያን ከዋናክራይ የሚለየው ይኸው ነውና።

ዋናክራይ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዘለው በዚያ ቀዳዳ በኩል ነበር። ኖትፔትያም ቀዳዳውን ይጠቀማል፤ ነገር ግን ሁለተኛ መንገድ አለው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ከሰፈረ በኋላ በሜሞሪው ውስጥ የቀሩትን የይለፍ ቃሎች ይለቅምና፣ በእነርሱ ሕጋዊ ተጠቃሚ መስሎ ወደ ሌሎቹ ይገባል። ለመግባትም የሚጠቀመው ፒኤስኤግዜክንና የዊንዶውስን የራሱን የርቀት ማዘዣ ነው፤ ሁለቱም እኛ የኔትወርክ ሠራተኞች በየቀኑ የምንሠራባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ስለዚህ አፕዴት ያልተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ላይ የዶሜይን አድሚን (በድርጅቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ሥልጣን ያለው አካውንት) አንድ ጊዜ ገብቶ ከነበረ፣ አፕዴታቸው የተሟላ መቶ ኮምፒውተሮች በዚያ ይለፍ ቃል ይወድቃሉ። ድርጅቶችን ያንገዳገደው የቀዳዳውና የአድሚኑ ይለፍ ቃል መገጣጠም ነው።

ከዚህ የሚወጣው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። የዶሜይን አድሚን አካውንት በዶሜይን ኮንትሮለሩ (የተጠቃሚዎችን ማንነትና ፈቃድ በሚይዘው ሰርቨር) ላይ ብቻ ይግባ እንጂ ፕሪንተር ለማስተካከል ብሎ ወደ ካሸሯ ኮምፒውተር አይግባ። ለሠራተኞች ኮምፒውተር ድጋፍ የሚሰጥ ሌላ፣ ሥልጣኑ ዝቅ ያለ አካውንት ይከፈት። በየኮምፒውተሩ ያለው የሎካል አድሚን ይለፍ ቃል አንድ ዓይነት መሆኑም ዛሬውኑ መቆም አለበት፤ አንዱ ከተገኘ ሁሉም ተገኘ ማለት ነውና። ለዚህ ላፕስ የሚባለው መሣሪያ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የተለየ ይለፍ ቃል ሰጥቶ በየጊዜው ይቀይረዋል፤ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል።

ሌላው ደግሞ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ያለው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። ብዙ ቦታ «ሥራ ያውካል» ተብሎ ተዘግቶ ነው የማገኘው። የሠራተኛ ኮምፒውተር ወደ ፋይል ሰርቨር በፖርት 445 (የፋይል መጋሪያው ግንኙነት በሚያልፍበት ባለ ቁጥር በር) መሄድ ያስፈልገዋል፤ ከሌላ ሠራተኛ ኮምፒውተር በዚያ ፖርት እንግዳ መቀበል ግን አያስፈልገውም። በግሩፕ ፖሊሲ (ከአንድ ቦታ ለሁሉም ኮምፒውተር ደንብ በሚላክበት) አንድ ደንብ ቢጻፍ፣ ጎን ለጎን የሚደረገው ዝላይ በአብዛኛው ይቆማል። ወንድም ኬላ፣ እኔ ብሆን የምጀምረው ከዚህ ነው። ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን አሮጌ የፋይል መጋሪያ ፕሮቶኮልም ሳይዘገዩ ይዝጉት።

ጥቃቱ በአፕዴት በኩል መጣ ብሎ አፕዴትን የሚተው ሰው እንዳይኖርም እለምናለሁ። አፕዴት ባለመጫኑ የተጠቃው ድርጅት በአፕዴት ከተጠቃው ጋር በቁጥር አይወዳደርም።

---

ኬላ (አዲስ አበባ)

መዝገብ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዊንዶውስ ፋየርዎሉ በእርግጥም በሁሉም ላይ ተዘግቷል። አንድ እንቅፋት ግን አለ፦ አንዳንድ ክፍሎች ፋይል የሚለዋወጡት በሰርቨር ሳይሆን አንዱ ሠራተኛ በሌላው ኮምፒውተር ላይ በከፈተው ሼር ነው፤ ፕሪንተሮቹም በሠራተኛ ኮምፒውተር በኩል ሼር የተደረጉ ናቸው። ደንቡን የጣልሁ ዕለት ግማሹ ቢሮ ማተም ያቆማል።

---

መዝገብ

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ፕሪንተሮቹን በሰርቨር በኩል ያድርጓቸው፤ የክፍሎቹንም ሼር ወደ ፋይል ሰርቨሩ አዛውረው ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ፈቃድ ይስጡ። ደንቡን ከዚያ በኋላ በአንድ ክፍል ብቻ ይሞክሩት። የንብረት ክፍል ለዚህ ይመቻል፤ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ጥቂት ስለሆነ የሚበላሸው ነገር ቶሎ ይታያል። የደመወዝ ሳምንት ላይ ሒሳብ ክፍልን ግን እንዳይነኩ።

---

አቢ (ደብሊን)

ከምኖርበት አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ የምርመራ ሪፖርቱ ለሕዝብ ይፋ የተደረገ ስለሆነ ለአመራር ለማቅረብም ይመቻል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የአየርላንድ የጤና አገልግሎት ላይ የደረሰው ጥቃት የጀመረው አንዲት ሠራተኛ ወይም አንድ ሠራተኛ በማርች 18 ቀን በኢሜይል የመጣ የኤክሴል ፋይል በመክፈት ነው። ፋይሎቹ የተቆለፉት ግን ሜይ 14 ነው። አጥቂዎቹ በመካከሉ ባሉት ስምንት ሳምንታት ገደማ ውስጥ ለውስጥ ሲዘዋወሩ፣ ከፍ ያለ ሥልጣን ሲሰበስቡ፣ ሰርቨር ሲለዩ ነበር። ሊዘዋወሩ የቻሉበትን ምክንያት ሪፖርቱ ሲዘረዝር፣ ወንድም ኬላ የገለጹትን ነገር በስሙ ይጠራዋል፦ ብሔራዊው የጤና ኔትወርክ በአብዛኛው ያልተከፋፈለ ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ሌላው ግኝት ነው። መጀመሪያ በተያዘው ኮምፒውተር ላይ የነበረው አንቲቫይረስ የአጥቂዎቹን መሣሪያ በማርች 31 አይቶት ነበር። ሆኖም እንዲመለከት ብቻ እንጂ እንዲያግድ ተደርጎ አልተዋቀረም፤ ማስጠንቀቂያውንም የሚከታተለው አልነበረም። ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ተጭኗል፣ ሠርቷል፤ የጎደለው ማያ ገጹን በየጠዋቱ የሚያይ ሰው ነው። በእኔ አስተያየት የአዲሱ ፋየርዎል ዋጋ ከመወሰኑ በፊት «ይህን ማን ያነበዋል?» የሚለው ጥያቄ በስም መመለስ አለበት።

አጥቂዎቹ ከቀናት በኋላ መክፈቻውን ቁልፍ ያለ ክፍያ ሰጡ፤ መንግሥትም ቤዛ አልከፈለም። ቁልፉ እያለ እንኳ ሲስተሞቹን ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታቸው መመለሱ ወራት ወሰደ፤ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ተጉዟል። ቤዛ ከፍለን እንገላገላለን የሚል አመራር ካለ፣ ይህን አንድ እውነታ ብቻ ይንገሩት።

---

ጦቢያው

እስካሁን ስለ መከላከል ተነገረ፤ ስለ ባክአፕ ግን ማንም አላነሳም። የማርስክ ታሪክ ደግሞ በጣም የሚያስተምረው በዚህ በኩል ነው።

ማርስክ የሰርቨሮቹ ባክአፕ ነበረው። ያልነበረው የዶሜይን ኮንትሮለሩ ባክአፕ ነው። በዓለም ዙሪያ 150 ገደማ ዶሜይን ኮንትሮለሮች ነበሩት፤ ሁሉም እርስ በርሳቸው መረጃ ስለሚያመሳስሉ አንዱ የሌላው ባክአፕ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊጠፉ ይችላሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ በዚያ ዕለት ግን ጠፉ። ዶሜይን ኮንትሮለር ማን እንደሆንህና ምን እንደተፈቀደልህ የሚያውቅ ማሽን ነው፤ እርሱ ከሌለ የሌሎቹ ባክአፕ ቢኖርም ሥራ ማስጀመር አይቻልም።

የተረፈው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በጋና። ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማሽኑ ከኔትወርክ ውጭ ሆኖ ቆይቷል። መልሶ ማቋቋሙ ይመራ የነበረው በእንግሊዝ አገር ከምትገኘው ሜይደንሄድ ከተማ ነው፤ መረጃውን በኢንተርኔት እንላክ ሲባል የጋናው መስመር ቀጭን ስለሆነ ቀናት የሚፈጅ ሆነ። ሰው ይዞት ይምጣ ሲባል ደግሞ ከጋናው ቢሮ ሠራተኞች መካከል የእንግሊዝ ቪዛ ያለው አልተገኘም። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ለሌላ ባልደረባ አስረከበ፤ እርሱም ወደ ለንደን ይዞት ሄደ። የመብራት መቋረጥ፣ የመስመር መቅጠንና የቪዛ ነገር ለእኛ አዲስ ስላልሆኑ፣ ይህን ታሪክ ለየትኛውም የአገራችን ሥራ አስኪያጅ ብትነግሩት ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ወደ ሥራው ስመለስ፣ ከሰርቨሩ ጀርባ ሌት ተቀን ተሰክቶ የሚውል ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ባክአፕ አይባልም። ሰርቨሩን የቆለፈው ፕሮግራም እርሱንም እንደ ማንኛውም ድራይቭ አይቶ ይቆልፈዋል። ቢያንስ ሁለት ዲስክ ይኑር፤ አንዱ ሲሰካ ሌላው ተነቅሎ ካዝና ውስጥ ወይም ሌላ ሕንፃ ላይ ይቀመጥ። የባክአፕ ሰርቨር ካለ የዶሜይኑ አባል አይሁን፤ የመግቢያው ይለፍ ቃልም ከዶሜይን አድሚኑ የተለየ ይሁን። የፋየርዎሉና የስዊቾቹ ውቅርም ወጥቶ አብሮ ይቀመጥ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ከሁሉም በላይ ግን መልሶ መጫኑ በተግባር ይሞከር። ትርፍ ኮምፒውተር ይወሰድና ያለፈው ሳምንት የፒችትሪ ዳታ ይጫንበት፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ተቀምጣ የመጨረሻውን ቫውቸር ትፈልገው። ካገኘችው ባክአፕ አላችሁ። «ባክአፕ ተሳክቷል» የሚለው አረንጓዴ መልእክት ለዚህ ምስክር አይሆንም።

---

ሐዋሳ አይቲ

በሁሉም እስማማለሁ። ክፍፍሉን በተመለከተ ግን አቅም ይታይ። በክልል ያለን ቅርንጫፍ አንድ ማይክሮቲክ ራውተርና ውቅር የማይቀበል ርካሽ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኝ መሣሪያ) ነው ያለው። ቪላን የሚያውቅ፣ ማለትም አንዱን ኔትወርክ ወደ ተለያዩ ክልሎች የሚከፍል ስዊች ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪው ብቻ ወራት ያስጠብቃል። እንዲህ ላለ ቦታ ምን ይመከራል?

---

መዝገብ

ማይክሮቲኩ ራሱ ብዙ ሊሠራላችሁ ይችላል። የገመድ መሰኪያ ፖርቶቹን በአንድ ብሪጅ ከማሰር ይልቅ ለየብቻ አድርጓቸው፤ በአንዱ ፖርት የሠራተኞች ስዊች፣ በሌላው ሰርቨሩ፣ በሦስተኛው ካሜራና እንግዳ ዋይፋይ ይሁን። ለእያንዳንዱ የተለየ የአይፒ ክልል ስጡትና በመካከላቸው የሚያልፈውን በራውተሩ ደንብ ወስኑ። በአንድ ስዊች ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ መገናኘታቸው አይቀርም፤ ለዚያ የዊንዶውስ ፋየርዎሉ አለ። ሰርቨሩና ካሜራው ግን ከዚያ ክበብ ወጡ ማለት ነው፤ አዲስ ስዊች ሳይገዛ።

ማይክሮቲክ ካነሳን ዘንድ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። እ.ኤ.አ. በ2018 የዊንቦክስ ማስተዳደሪያው ላይ የተገኘው ቀዳዳ የራውተሩን የይለፍ ቃሎች ያለ ፈቃድ ለማውጣት ያስችል ነበር። አምራቹ አፕዴቱን በኤፕሪል አወጣ፤ ባለቤቶቹ ስላልጫኑት ግን በዚያው ዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ራውተሮች ተይዘው የብዙዎቹ ትራፊክ ለክሪፕቶ ማዕድን ማውጫ ዋለ። የዊንቦክስ ፖርት 8291 ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ የሚገኝበት ቦታ ዛሬም አለ። ከውጭ ማስተዳደር የግድ ከሆነ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ይሁን፤ «አድሚን» የሚለውም ስም ይቀየር።

---

ትዕግሥት (የውስጥ ኦዲት)

እኔ የኔትወርክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን በጀት በሚጸድቅበት ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ፤ ስለዚህ ከዚያ ወገን የሚታየኝን ልናገር።

ፋየርዎል መግዛት ለአመራር ቀላል የሚሆነው ዕቃ ስለሆነ ነው፤ ደረሰኝ አለው፣ መለያ ቁጥር ተለጥፎበት ንብረት ሆኖ ይመዘገባል። ክፍፍልና የይለፍ ቃል ሥርዓት ግን በንብረት መዝገብ ላይ አይታይም። አቶ ኬላ ሐሳባቸውን ሲያቀርቡ ስለ ፖርትና ስለ ፕሮቶኮል ባይጽፉ ይሻላቸዋል። ይልቅ የእያንዳንዱን ክፍል ኃላፊ «ሲስተምዎ ቢቆም ስንት ቀን በወረቀት ሊሠሩ ይችላሉ? የስንት ቀን መረጃ ቢጠፋ መልሰው ሊጽፉት ይችላሉ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ከፊርማው ጋር ያያይዙ። ሒሳብ ክፍል አንድ ቀን ካለ፣ ባክአፑ ደግሞ በሳምንት አንዴ ከሆነ፣ ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ነው።

በጽሑፍ እንዲሰፍር የምፈልገው ሌላም ጉዳይ አለ። ቅዳሜ ሌሊት አጠራጣሪ ነገር ቢታይ፣ የሰርቨሩን ገመድ ነቅሎ የድርጅቱን ሥራ የማቆም ሥልጣን ያለው ማን ነው? ተረኛው ሠራተኛ ሥራ አስኪያጁን በስልክ ፈልጎ እስኪያገኝ ጥቃቱ አይጠብቅም። በኋላ እንዳይጠየቅበት የሚፈራ ሠራተኛም አይነቅልም። ሥልጣኑ አስቀድሞ በደብዳቤ ይሰጠው። ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር የሚያሳውቀውም ሰው ማን እንደሆነ በዚያው ደብዳቤ ይገለጽ። የስልክ ቁጥሮቹ ደግሞ በወረቀት ይታተሙ፤ በኮምፒውተር ብቻ የተቀመጠ ዝርዝር የሚያስፈልገው ኮምፒውተሩ በተቆለፈበት ሰዓት ነው።

---

ኬላ (አዲስ አበባ)

ወይዘሮ ትዕግሥት፣ የኃላፊዎቹን ፊርማ የማሰባሰቡን ሐሳብ በቀጥታ እወስደዋለሁ፤ እኔ ስለ ፖርት ነበር የጻፍሁት።

ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ የአድሚን አካውንቶች መለየት፣ የሎካል ይለፍ ቃሎች መለያየት፣ የፕሪንተርና የሼር ወደ ሰርቨር መዛወር ያለ በጀት አሁኑኑ ይጀመራሉ። ከበጀቱ ቪላን የሚያውቁ ስዊቾች፣ ተነቅለው የሚቀመጡ የባክአፕ ዲስኮችና ላይሰንስ ያለው ዊንዶውስ ይገዛሉ። የፋየርዎሉ ግዥ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። የአንቲቫይረሱን ማስጠንቀቂያ በየጠዋቱ የሚያነበው ሰው ስምም ተጽፏል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የጣት አሻራ መመዝገቢያውን ወደ ካሜራዎቹ ክልል ላወጣው ነው፤ ነገር ግን የሰው ኃይል ክፍሉ ኮምፒውተር በየቀኑ መረጃ ይወስድበታል። ክልሉን ሙሉ በሙሉ ብዘጋው ይህ ይቋረጣል፤ ብከፍተው ደግሞ ከፋፈልሁ ማለት አልችልም።

---

መዝገብ

አቅጣጫውን ብቻ ይወስኑ። የሰው ኃይል ኮምፒውተሩ ወደ መሣሪያው ግንኙነት ይጀምር፤ መሣሪያው ግን ወደ ሠራተኞች ክልል ምንም ግንኙነት እንዳይጀምር ያግዱት። ለዚያ አንድ ኮምፒውተር ቋሚ አይፒ ስጡትና አንድ ፖርት ብቻ ክፈቱለት፤ በአገራችን በብዛት በሚገኙት መመዝገቢያዎች ብዙውን ጊዜ 4370 ነው፤ ለማረጋገጥ የመሣሪያውን ሜኑ ይመልከቱ። ወደ ኢንተርኔትም መውጣት አያስፈልገውም፤ ሰዓቱን ከራሳችሁ ሰርቨር ይውሰድ።

እገዳውን በቀጥታ አይጣሉት። መጀመሪያ በዚያው ደንብ ላይ ሎግ ብቻ እንዲያደርግ (ሳያግድ እንዲመዘግብ) አዝዘው አንድ የደመወዝ ወቅት እስኪያልፍ ያቆዩት፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚገናኝ ፕሮግራም ካለ በሎጉ ላይ ይታያል። ከዚያ በኋላ ያግዱ።